ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት ስለሚገጥመን ነፋስ

ጠያቂያችን ከኮዬ ፈጬ ቃሊቲ ድረስ በብስክሌት እንደሚመላለሱ፣ ጠዋት በ40 ደቂቃ የሚጨርሱት መንገድ ማታ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚፈጅባቸው፣ ቤት ሲደርሱም እራት ለመብላት እንኳ አቅም እንደሚያጡ ገልጸው፣ ቀለል ያለ ባለ ቀጭን ጎማ ብስክሌት ቢገዙ ነፋሱ ይቀልላቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ከቦሌ አራብሳ ገርጂ በብስክሌት መመላለስ ከጀመርሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የእኔም የመልስ ጉዞ እንደ እርስዎ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ድካሙን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ።

በበጋ ወራት አዲስ አበባ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ በአብዛኛው ከምሥራቅ በኩል ይመጣል። መሬቱ ቀዝቅዞ ስለሚያድር ጠዋት አየሩ የረጋ ነው፤ ፀሐይ ከፍ ስትልና መሬቱ ሲሞቅ ግን ከላይ ያለው ፈጣን ነፋስ ወደ ታች እየወረደ ስለሚደባለቅ፣ ከቀትር በኋላ ይበረታና ፀሐይ ስትጠልቅ እየረገበ ይሄዳል። በምሥራቁ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች እንግዲህ ነፋሱ ገና ሳይነሣ እንወጣለን፤ ማታ እግራችን ዝሎ ስንመለስ ደግሞ ፊት ለፊት ይጠብቀናል። ይህን የምለው አቅም ስላነሰዎ የደከሙ እንዳይመስልዎ ነው።

የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ እኔ ስልክ አልመለከትም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያዎች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ በጥቂቱ ወደ ሰሜን ዘንበል ብለው የተዘረጉ ናቸው፤ አውሮፕላን ደግሞ የሚነሣው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው። ከሥራ ስወጣ አውሮፕላኖቹ ወደ ጎሮና ወደ አራብሳ በኩል እየተነሡ ከሆነ ነፋሱ ከቤቴ አቅጣጫ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እንዲህ ባለ ቀን የሰፈሩ ባሕር ዛፎች ጫፋቸው ጎንበስ ብሎ ካየሁ፣ የሚቻል ሲሆን ሥራ ቦታ ጥቂት ቆይቼ 12 ሰዓት ሲቃረብ እወጣለሁ። ሰዓትዎን ማሸጋሸግ ከቻሉ ከሁሉ የሚበልጠው መፍትሔ ይህ ነው፤ መብራትና አንጸባራቂ ልብስ ግን የግድ ያስፈልግዎታል።

መውጫ ሰዓቱ በእጃችን ካልሆነስ? እዚህ ላይ የአየሩን ግፊት ጠባይ መረዳት ይጠቅማል። የአየር ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነው። ነፋስ በሌለበት ሜዳ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው፣ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ ነፋስ ከፊቱ ቢመጣበትና ፍጥነቱን አልቀንስም ቢል፣ ደረቱ ላይ የሚያርፈው ግፊት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። እንደ ወትሮው ያለውን ጉልበት ብቻ ካወጣ ደግሞ ፍጥነቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በእርግጥ የከተማችን አየር ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስት እጅ አንዱን ያህል ስለሚሳሳ ግፊቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ሳንባችንም የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ብዙ አትርፈናል አልልም።

ዋናው ምክሬ ከዚህ ይነሣል፤ ከፊት ነፋስ ሲገጥምዎ ፍጥነትዎን ይተዉትና ትንፋሽዎን ይጠብቁ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ነፋሱን በጉልበት ላሸንፈው እታገል ነበር። በመጋቢት ወር አንድ ትንሽ ደብተር ይዤ በየማታው የደረስሁበትን ሰዓት መመዝገብ ጀመርሁ፤ ለሁለት ሳምንት እየታገልሁ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ማርሹን አቅልዬ፣ ከጓደኛ ጋር እያወራሁ መሄድ በምችልበት ትንፋሽ ብቻ ነዳሁ። በታገልሁባቸው ቀናት በአማካይ 53 ደቂቃ፣ ረጋ ባልሁባቸው ቀናት 57 ደቂቃ ፈጅቶብኛል። ለአራት ደቂቃ ብዬ ነበር ጉልበቴን እያሳመምሁ፣ ልጆቼን እንኳ ሳላጫውት አልጋ ላይ የምወድቀው! ደብተሩን ካየሁ በኋላ ቀላል ማርሽ ላይ እግሬን ቶሎ ቶሎ ማዞር እንጂ ከባዱን ማርሽ እየረገጡ መሟገት ትቻለሁ። እርስዎም የመልስ ጉዞው አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል ብለው አስቀድመው ቢይዙት፣ ልብዎም እግርዎም ያርፋሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው የሰውነት አቀማመጥ ነው፤ ከአየሩ ግፊት ትልቁን ድርሻ የሚቀበለው ብስክሌቱ ሳይሆን የተቀመጠበት ሰው ነውና። ክንድዎን ከክርንዎ አጠፍ፣ ትከሻዎን ዝቅ፣ ክርንዎን ወደ ጎንዎ ሰብሰብ ሲያደርጉ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማዎታል፤ ዓይንዎ ግን ምንጊዜም መንገዱ ላይ ይሁን። ልብስም ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ለረጅም ጊዜ ዚፑን ሳልዘጋ የምለብሰው ሰፊ ጃኬት ነበረኝ፤ ነፋሱ በአንገቴ በኩል ገብቶ ጀርባዬ ላይ እንደ ድንኳን ይነፋውና ጫፉ ጆሮዬ ሥር ሲንጣጣ ይቆይ ነበር። አንድ ማታ በገመድ ወገቤ ላይ ሸብ ባደርገው ማርሼን አንድ ደረጃ ማክበድ ቻልሁ። ምሳ ዕቃና ቦርሳም ከመሪው ላይ ከሚንጠለጠል ከኋላ መጫኛው ላይ ዝቅ ብሎ በላስቲክ ቢታሰር ይሻላል።

ስለ አዲሱ ብስክሌት በቀጥታ ልመልስልዎ፤ ለነፋሱ ብለው አይግዙ። የብስክሌት ቅለት የሚጠቅመው ዳገት ላይ ነው፤ ሜዳ ላይ ከፊት ነፋስ ሲመጣ ግን ሦስት ወይም አራት ኪሎ መቀነሱ የሚያመጣው ለውጥ እጅግ ጥቂት ነው። ቀጭን ጎማም ኮብልስቶኑንና የተቆፋፈረውን አስፋልት ሲያገኝ ይቀጣዎታል። ይልቅስ ያለዎትን ብስክሌት ወደ ጠጋኝ ወስደው መሪውን ጥቂት ዝቅ ያስደርጉ፣ ሰንሰለቱን ከአዋራው አስጠርገው ዘይት ያስቀቡ፣ ጎማውንም በጎኑ ላይ በተጻፈው ልክ ያስነፉ። ሁሉም ተደምሮ የአዲስ ብስክሌት ዋጋን ጫፍ አይደርስም።

አሁን ከሁሉ አብልጬ ወደምፈራው ነገር ልምጣ። በኮንዶሚኒየም ብሎኮች አጠገብ ስንነዳ ሕንጻዎቹ ይከልሉናል፤ ብሎኩ አልቆ ክፍተቱ ሲመጣ ግን ነፋሱ በድንገት ከጎን ይመታና ወደ መኪናው መስመር ይገፋል። ከባድ መኪና ጎናችንን ሲያልፍም ለአፍታ ነፋሱን ይጋርደውና እንዳለፈ መልሶ ይለቅብናል። ከሁለት ዓመት በፊት ጠጠር የጫነ መኪና ሲያልፈኝ፣ ከለላው ሲነሣ መሪው ከእጄ አምልጦ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ወድቄ የእጅ አንጓዬ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ክፍተት ሳይና የከባድ መኪና ድምፅ ከኋላዬ ስሰማ አስቀድሜ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ፣ መሪውን በሁለት እጄ ላላ አድርጌ እይዛለሁ፣ ከጠርዙም አንድ እርምጃ ያህል ቦታ እተዋለሁ። ነፋስ እንዲከልልዎ ብለው የጭነት መኪናን ጭራ መከተልን ግን ፈጽሞ እንዳይሞክሩት፤ ሾፌሩ አያይዎትም፣ ፍሬን ቢይዝ ማቆሚያ ጊዜ የለዎትም፣ ጉድጓዱም ክፍት ማንሆሉም የሚታይዎት ጎማዎ ሥር ከደረሰ በኋላ ነው።

ከለላ ከፈለጉ የመንገድ ጓደኛ ይፈልጉ። በ2016 በአውሮፓ አቆጣጠር በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረውን የእኛን ጽጋቡ ግርማይን የመሰሉ ብስክሌተኞች ተከታትለው የሚነዱት፣ ከኋላ ያለው ሰው ከፊተኛው በጣም ያነሰ ጉልበት ስለሚያወጣ ነው። እኛ እንደ እነርሱ ጎማ ለጎማ መጠጋት አይገባንም፤ የአንድ ብስክሌት ርዝመት ያህል ተራርቀን፣ በየሁለት ደቂቃው እየተፈራረቅን፣ ፊተኛው ጉድጓድ ሲያይ እጁን ዘርግቶ እያመለከተ ብንሄድም ጥቅሙ በግልጽ ይሰማል። እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ረቡዕና ዓርብ እንዲህ እንመለሳለን፤ በእነዚያ ቀናት መንገዱ ያጠረ ይመስለኛል።

በክረምት ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ በኩል ስለሚመጣ የማታው ጉዞ ይቀልልዎታል። ሆኖም ሰማዩ ጠቁሮ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከመጣ ዝናቡ ተከትሎት ስለሚደርስ ወርደው ይጠለሉ። በበጋ ደግሞ ለአዋራው መነጽርና ሻሽ አይለይዎት፤ ቤትዎ ሲደርሱም በላብ የራሰውን ልብስ ደጅ ላይ ቆመው ሳይጨዋወቱበት ቶሎ ይቀይሩት።

በመንገድዎ ላይ ነፋሱ የሚብስብዎ ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? ይህን ቢጽፉልን በዚያ በኩል የሚመላለሱ ሌሎች ብስክሌተኞች በየትኛው የውስጥ መንገድ ቢያልፉ ከለላ እንደሚያገኙ ሊጠቁሙዎት ይችላሉ።