ልጃቸው ኦፔራ መድረስ ለሚፈልግ ወላጆች

ውድ ወገኖቼ፣ ልጃችሁ ከዩኒቨርሲቲ ደውሎ «የሙዚቃ ድርሰት ልማር ነው» ሲላችሁ ብትደነግጡ አይገርመኝም። እኔም ሴት ልጄ ይህንኑ የነገረችኝ ቀን «እዚህ ድረስ የተሰደድነው አዝማሪ እንድትሆኚ ነው?» ብያታለሁ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ሙያው እንዴት እንደሚኬድ ባውቅ ኖሮ እንዲያ አልናገርም ነበርና፣ የማርክ አዳሞን መንገድ ላሳያችሁ።

አዳሞ በ1962 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያ የተወለደ አሜሪካዊ ሲሆን፣ የኦፔራዎቹን ሙዚቃም ሊብሬቶውንም፣ ማለትም የሚዘፈነውን ተውኔት፣ ራሱ ይደርሳል። በቅኔ ቤት ቃሉን ከዜማው ልክ ጋር የሚያስማማው አንድ ሰው ስለሆነ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በኦፔራ ግን ሁለቱ በአብዛኛው የሁለት ሰዎች ሥራ ናቸው። መጀመሪያ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተውኔት አጻጻፍ ተማረ፤ ከዚያ ብዙዎቻችን በምንኖርባት ዋሽንግተን፣ ከካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በ1990 በሙዚቃ ድርሰት ተመረቀ። ስለዚህ ልጃችሁ የትምህርት መስክ ቢቀይር የቀደሙት ዓመታት ባከኑ ብላችሁ አትዘኑ፤ አዳሞን ያቆመው ያ የተውኔት ትምህርት ነው።

«ሊትል ዊመን» የተሰኘው የመጀመሪያ ኦፔራው ከሉዊዛ ሜይ አልኮት ወፍራም ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። የሚዘፈን ቃል ከሚነገረው እጅግ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ብዙውን ታሪክ ትቶ እህቶቿ አግብተው እንዳይበተኑባት በምትታገለው በዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ በጆ ላይ አተኮረ። ይህ መቁረጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ልጄ የእናቴን ደብዳቤ ለዘፈን ስታዘጋጅ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ «ልቤ አዘነ» የሚለውን ሰርዛ «ሆዴ ባባ» ብላ ጻፈች፤ ምክንያቱን ስጠይቃት «ከፍ ያለ ድምፅ ላይ አፍ የሚከፍት ቃል ያስፈልጋል» አለችኝ።

ኦፔራው በ1998 የታየው በሂዩስተን ግራንድ ኦፔራ ዋና መድረክ ሳይሆን በወጣት ዘፋኞች ስቱዲዮው ነበር፤ ዋናው መድረክ ላይ የወጣው በ2000 ነው። ልጃችሁ ሥራውን በትንሽ አዳራሽ አቀርባለሁ ቢላችሁ አታጣጥሉበት። ከ2001 እስከ 2006 አዳሞ በኒው ዮርክ ሲቲ ኦፔራ ተቀማጭ ደራሲ፣ ማለትም ኦፔራ ቤቱ ለተወሰነ ጊዜ አብሮት እንዲሠራ የያዘው የሙዚቃ ደራሲ ሆኖ፣ «ቮክስ» የተባለውን አዳዲስ ኦፔራዎች የሚደመጡበትን መርሐ ግብር መርቷል፤ እንዲህ ያለ መድረክ ሲገኝ ልጃችሁ እንዲያመለክት ገፋፉት።

ስለ ገንዘብ ግልጽ ልሁን። «ሊሲስትራታ» በ2005 ሂዩስተን፣ «የመግደላዊት ማርያም ወንጌል» በ2013 ሳን ፍራንሲስኮ፣ «ቢካሚንግ ሳንታ ክሎስ» በ2015 ዳላስ ነው የታየው፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለውን ዓመት ቁጠሩ። የድርሰት ትእዛዝ፣ ማለትም «ኦፔራ ድረስልን» ብሎ የሚከፍል፣ በየዓመቱ አይመጣም፤ አዳሞም ስለ ሙዚቃ በመጽሔት ይጽፍ ነበር። እንግዲህ ከልጃችሁ ጋር ስትመክሩ ከድርሰቱ ጎን ምን እንደሚሠራ፣ ማስተማርም ሆነ የመዘምራን አጃቢነት፣ ጠይቁት፤ ነጻ የትምህርት ዕድል ሳትፈልጉም በስማችሁ ትልቅ ብድር አትፈርሙ።

ሥራው ሲነበብም፣ ማለትም ያለ ሙሉ ዝግጅት ለሙከራ ተዘፍኖ ሲደመጥ፣ ሂዱ። እኔ የመጀመሪያውን «ፈረቃ አለኝ» ብዬ ቀርቼ በሁለተኛው ነው የተገኘሁት። አንድ ፒያኖና አማርኛ የማታውቅ አንዲት ዘፋኝ ብቻ ነበሩ፤ «ሆዴ ባባ» ላይ ስትደርስ ግን የመጨረሻዋን «ባ» ይዛ፣ ፒያኖው ዝም እስኪል አልለቀቀችውም።