ያልወሰድኩት ጌም

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ልንወጣ ስንል አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ስልኳን ዘርግታ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ ከዚህ ወር የፕሌይስቴሽን ፕላስ ነፃ ጌሞች የቱን ልውሰድ? ሁለቱ ይደብራሉ። ሦስተኛው ደግሞ ለእኔ ዓይነት ሰው አይደለም» አለችኝ። ፕሌይስቴሽን ፕላስ ፕሌይስቴሽን የተባለው የጌም ማጫወቻ (ኮንሶል) በክፍያ የሚገባበት አባልነት ነው፤ በየወሩ ለአባላቱ ጥቂት ጌሞች ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣል። «ሁሉንም ውሰጂ» ብዬ መንገዴን መቀጠል እችል ነበር። ግን «ለእኔ ዓይነት ሰው አይደለም» ያለችው ነገር ስትከነክነኝ አደረች። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ብዬ ነበርና።

ሃያ ስድስት ዓመት ሶፍትዌር ስፈትሽ ኖሬያለሁ። እንጀራዬ የሰው ስህተት መልቀም ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ሰውን ነቃፊ ያደርገዋል። የጌም ሥዕል ሳይ እንኳ ቀድሞ የሚታየኝ እንከኑ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ጁላይ 2015 ነበር። በዚያ ወር ፕሌይስቴሽን ፕላስ ለአባላቱ ከሰጣቸው ጌሞች አንዱ ሮኬት ሊግ ነው። ገና ገበያ ላይ በወጣበት ቀን ነው የተሰጠው። መኪኖች ሜዳ ገብተው ትልቅ ኳስ በአፍንጫቸው እየገፉ ጎል ያገባሉ። ሥዕሉን አየሁና ሳቅኩ። «የሕፃን ጨዋታ» አልኩ።

ታናሽ ወንድሜ ያኔ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ከሄደ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ማታ ደወለ።

«ወሰድከው?»

«ምኑን?»

«መኪኖቹን ነዋ! እኔና አንተ አንድ ቡድን እንሆናለን። አንድ ግጥሚያ አምስት ደቂቃ ነው። ከእራት በፊት ሁለት፣ ከእራት በኋላ ሁለት።»

ልብ በሉ፣ ዳውንሎድ አድርገው እንኳ አላለኝም። «ዝም ብለህ ላይብረሪህ ውስጥ ክተተው፣ ሲመችህ ታወርደዋለህ» ነው ያለኝ። ላይብረሪ ማለት በአካውንታችን ስም የተመዘገቡ ጌሞች ዝርዝር ነው። ጆይስቲኩ እጄ ላይ ነው። ገጹ ተከፍቷል። ነፃ የሚለው ቁልፍ ላይ ቆሜያለሁ። አንዴ መጫን ብቻ ነው የቀረኝ። «እኔ ላይብረሪዬን በእንቶ ፈንቶ አልሞላም» አልኩትና ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። የመርህ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሌላ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ከዚያ ተወኝ። ኦገስት ሲገባ ጌሙ ከነፃው ዝርዝር ወጣ፣ ዋጋም ተለጠፈበት።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ በደወለ ቁጥር የማላውቃቸውን ልጆች ስም መስማት ጀመርኩ። አንዱ በረኛቸው ነው። አንዱ ሲሸነፉ ይሳደባል። አንዷ ሌሊት ሥራ ስለምትገባ ቀን ቀን ብቻ ነው የምትጫወተው። ሁሉንም በመኪኖቹ ነው ያወቃቸው። እኔ ግን «እህ» እያልኩ እሰማለሁ። ስድስት ወር ያህል እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ፣ ቅናት ነው መሰለኝ፣ ከፍዬ ገዛሁት። አልነገርኩትም። አንድ ቅዳሜ ማታ ድንገት ግብዣ ላኩለት።

የእሱ መኪና ትበራለች። እውነቴን ነው፣ ከመሬት ተነስታ ኳሱን አየር ላይ ትመታዋለች። የእኔዋ ግድግዳ እየገጨች ትገለበጣለች። አንድ ጊዜ እንደምንም ኳሱን አገኘሁትና በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት፤ የራሳችን ጎል ውስጥ ገባ። ወንድሜ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። «አይዞህ፣ ሁሉም ሲጀምር እንዲህ ነው» አለኝ፣ ለአዲስ ገቢ ሠራተኛ በሚነገርበት ድምፅ። አምስት ግጥሚያ ተጫወትን፣ አምስቱንም ተሸነፍን። «እንግዲህ ልጆቹ እየጠበቁኝ ነው» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የጋበዘኝ ለይሉኝታ ያህል ነው።

አልተጣላንም። ዛሬም እንደዋወላለን። ግን ለብቻው በነበረበት በዚያ ዓመት በየማታው ሃያ ደቂቃ ከእኔ ፈልጎ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስ። ብዙዎቻችሁ «መውሰድ» እና «ማውረድ» አንድ ይመስላችኋል። በፕሌይስቴሽን ፕላስ ወርኃዊ ጌም የሚቀየረው አብዛኛውን ጊዜ በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ወደ ላይብረሪያችሁ ካስገባችሁት፣ አባልነታችሁ እስካለ ድረስ በፈለጋችሁት ጊዜ ታወርዱታላችሁ። አባልነቱ ሲያልቅ ይቆለፋል። ስታድሱ ተመልሶ ይከፈታል። ቦታ አይይዝባችሁም። ጌሙ መቶ ጊጋባይት ቢሆን እንኳ ላይብረሪ ውስጥ ስሙ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ኮንሶሉን ገና ያልገዛ ሰው ራሱ ከስልኩ ላይ ሊሰበስብ ይችላል።

ካታሎግ የሚባለው ግን ሌላ ነው። ፕሌይስቴሽን በ2022 አባልነቱን በሦስት ደረጃ ሲከፍለው ከፍ ባሉት ደረጃዎች የሚገኘው የጌም ክምችት ማለቴ ነው። የኤክስቦክሱ አባልነት ጌም ፓስም ያው ነው። እዚያ ያለ ጌም ከዝርዝሩ የወጣ ቀን፣ ወር በወር እየከፈላችሁም ቢሆን ያመልጣችኋል። ስለዚህ ካታሎግ ውስጥ የምታውቁት ጌም በወርኃዊው ዝርዝር ሲመጣ «አለኝ እኮ» ብላችሁ አትለፉት። ኤፒክ የተባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር በየሳምንቱ በነፃ የሚሰጠው ደግሞ አባልነት አይጠይቅም፤ አንዴ የወሰዳችሁት አካውንታችሁ ላይ ይቀራል። በሜይ 2020 ጂቲኤ 5ን በነፃ ሲሰጥ «ኮምፒውተሬ አይችለውም» ብሎ የተወ ጓደኛ አለኝ። በዓመቱ ኮምፒውተር ቀየረ። ጌሙን ግን ገዛው።

የዛሬ ልጆች ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ጌሙን ሳትነኩት ከአስር ስንት እንዳመጣ ታያላችሁ። ሌላ ሰው ሲጫወት ሁለት ሰዓት በቪዲዮ ትመለከቱና «ይደብራል» ትላላችሁ። የመጀመሪያ አለቃዬ አዲስ ፕሮግራም ሲመጣልን ግማሽ ሰዓት ምንም እንዳንጽፍ ይከለክለን ነበር። «መጀመሪያ ተጠቀሙበት፣ ክሱ ይደርሳል» ይለን ነበር። እሱ ራሱ ሻይውን ይዞ ከኋላችን ቆሞ ያያል፤ ብዕር ያነሳ ሰው ካለ ብዕሩን ይቀማዋል። (እኔም ትናንት ማታ አንድ ሰዓት ተኩል የሌላ ሰው ጨዋታ ሳይ አምሽቻለሁ፤ ስለዚህ ብዙም አልፈርድባችሁም።)

በማርች 2018 በፕሌይስቴሽን ፕላስ ወርኃዊ ዝርዝር ብለድቦርን የተባለ ጌም መጣ። ጨለማ፣ ደም፣ ጭራቅ። ይህም «ለእኔ ዓይነት ሰው» አልነበረም፤ ከሮኬት ሊግ በኋላ ግን እጄ ፈጥኗል፣ ወሰድኩት። መጀመሪያ ያገኘሁት ጭራቅ ገደለኝ። ደግሞ ገደለኝ። አጠፋሁት። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቼ፣ አንድ ዝናባማ ሰንበት ላይብረሪ ውስጥ አገኘሁትና እንደገና ሞከርኩ። ከጨረስኳቸው ጥቂት ጌሞች አንዱ እሱ ነው።

ጥቂት ያልኩት በምክንያት ነው። አሁን ላይብረሪዬ ውስጥ ከሦስት መቶ በላይ ጌም አለ። አንድ ማታ የምጫወተውን ስመርጥ አርባ ደቂቃ ፈጀሁና ምንም ሳልከፍት ተኛሁ። ስለዚህ «ሁሉንም ውሰዱ» የምለው ሰውዬ ያንኑ ማታ «ባልወሰድኩ ኖሮ» ብዬ ነበር። ሁለቱንም አምንበታለሁ። ለማስታረቅ ያህል፣ አሁን ሁሉንም እወስዳለሁ፣ የማወርደው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው።

ለብቻ የሚጫወቱት ጌም ይጠብቃል። ሰው የሚሞላበት ጌም ግን አይጠብቅም። ሰርቨሩም፣ ማለትም ተጫዋቾቹን በኢንተርኔት የሚያገናኘው የኩባንያው ኮምፒውተር፣ ይዘጋል፤ በ2014 የወጣው ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጌም በማርች 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ፣ የገዙት ሰዎች እንኳ መጫወት አልቻሉም። ከሰርቨሩ በፊት ግን ሰዎቹ ይሄዳሉ። በኦገስት 2020 ፎል ጋይስ እንደ ሮኬት ሊግ በወጣበት ቀን በነፃ ሲሰጥ፣ በደቂቃው ወሰድኩና ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «ወሰድከው?» አልኩት። ከኋላው ሕፃን ያለቅሳል። «ወስጄዋለሁ፣ ግን አሁን ጊዜ የት አለ ብለህ ነው?» አለኝ። ብቻዬን ገባሁ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ወደቅኩ።

ለባልደረባዬ በማግስቱ ምን እንደመለስኩላት ልንገራችሁ። ያ ለእሷ ዓይነት ሰው አይደለም ያለችው ሦስተኛው ጌም ለአራት ሰው የሚሆን ነው። «ስለ ጌሙ ማን ነው የነገረሽ?» አልኳት። እህቷ ናት፤ እሁድ ዕለት መልእክት ልካላታለች። ባልደረባዬ ግን ለእህቷ ገና መልስ አልሰጠቻትም። «ማክሰኞ ይቀየራል» አልኳት። ስልኳን አውጥታ እዚያው አሳንሰሩ ውስጥ ሦስቱንም ወሰደች። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር የመጨረሻው እስኪገባ ሁለት ፎቅ አልፈን ወረድን።