ዓይንሽ ገባ ያለ ከሆነ ጥቁሩን ከጉድጓዱ አውጪው

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ዓይኔ ወደ ውስጥ የገባ ነው። ሻዶ ስቀባ ጭራሽ ይጠፋል፣ ማስካራው ደግሞ ቅንድቤ ሥር ይታተማል። በጥር የእህቴ ሚዜ ነኝ፣ ለመልስ የሐበሻ ቀሚስ ነው የምንለብሰው። ኩሉንም ልተወው ወይ?» ነው ያልሽው። ከጥያቄሽ ሥር «ስሞኪ አይ (ጢስ የመሰለ ጠቆር ያለ የዓይን ሜካፕ) ተሠሪ፣ ያደምቅሻል» ያሉሽንም አየሁ። ለአንቺ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እባክሽ እንዳትሰሚያቸው። እኔ ሰምቼ አይቼዋለሁ።

የዛሬ 9 ዓመት የአክስቴ ልጅ ስታገባ ሚዜ ነበርኩ። አንድ ፀጉር ቤት ገብተን ስድስታችንም አንድ ዓይነት ሜካፕ ተሠራን። ጥቁርና ግራጫ ሻዶ፣ ወፈር ያለ አይላይነር፣ ከላይም ከታችም ኩል። መስታወቱ ፊት ደስ ይል ነበር፤ አምፖሎቹ ፊት ለፊት ናቸዋ። ከዚያ ለፎቶ ወደ መናፈሻ ሄድን። ሰዓቱ ከቀኑ 6 ተኩል። ፎቶው ሲመጣ የአምስቱ ልጆች ዓይን ያበራል፣ የኔ ቦታ ላይ ሁለት ጥቁር ቀዳዳ አለ። እናቴ አልበሙን እየገለጠች «ያን ቀን አሞሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። ልታበሽቀኝ አይደለም፣ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። አልበሙ እስከ ዛሬ አክስቴ ሳሎን ውስጥ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይወጣል።

የሠራችኝ ልጅ እጇ ጥሩ ነበር። ለአምስቱ የሚሆነውን ለእኔም ሠራችው፣ በቃ። ስህተቱ እሱ ብቻ ነው።

ገባ ያለ ዓይን ያላት ሴት የቅንድቧ አጥንት ወደ ፊት ወጣ ይላል፣ ዓይኗ ደግሞ ከሥሩ ወደ ኋላ ይቀመጣል። ብርሃን ከላይ ሲመጣ አጥንቱ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ጥላ ይጥላል። ብዙ ሰው ይህን ቆዳው ተጣጥፎ የዓይን ቆቡን ከሚሸፍንበት ዓይን ጋር ያምታታዋል። አንዳንዷ ሁለቱም አላት፣ ግን አንድ አይደሉም። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ራስሽን ቀና ሳታደርጊ፣ ዝቅም ሳታደርጊ መስታወት ውስጥ ቀጥ ብለሽ እዪ። ቆቡ ይታያል፣ ግን ጥላ ውስጥ ነው? እንግዲያው የኛ ወገን ነሽ። ቆቡ ጨርሶ የማይታይ ከሆነና ቆዳ ከወደቀበት፣ የምነግርሽ ነገር ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራልሽ።

አሁን የሜካፕ ቪዲዮዎቹ የሚያስተምሩትን አስቢ። ፈዘዝ ያለው ቀለም ቆቡ ላይ፣ ጥቁሩ እጥፋቱ ውስጥ፣ ማለትም ዓይን ሲከፈት ቆቡ የሚታጠፍበት መስመር ላይ። ለምን? ጥቁር ቀለም ነገሩን ወደ ኋላ ያርቃል፣ ብሩህ ቀለም ወደ ፊት ያመጣል። ጠፍጣፋ ዓይን ላይ ጥልቀት ለመፍጠር ነው የሚደረገው። አንቺ ጥልቀቱ በነጻ ተሰጥቶሻል። እጥፋቱ ውስጥ ጥቁር ስትጨምሪ ጉድጓድ እየቆፈርሽ ነው።

ከዚያ ሰርግ በኋላ እልህ ያዘኝ። እሁድ ጠዋት መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ አንዱን ዓይን በአንድ መንገድ፣ ሌላውን በሌላ መንገድ እየሠራሁ በስልኬ አነሳ ነበር። ወንድሜ ድንገት ገብቶ አየኝና «ግማሽ ሰርግ ነው እንዴ ያለብሽ?» አለ። አንቺም እንዲህ ብታደርጊ ከማንኛውም ምክር ይበልጥሻል። ሁለቱ ዓይኖች ጎን ለጎን ሲሆኑ ልዩነቱ ይጮሃል።

በመጨረሻ ያገኘሁት ይህ ነው። ቆቡን ሙሉ በሙሉ ብሩህ አድርጊው፤ ከሽፋሽፍትሽ ሥር እስከ እጥፋቱ፣ እጥፋቱንም ጨምረሽ። አዎ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ብርሃን ነው የምትጨምሪው። ከዚያ የማያብረቀርቅ፣ ከቆዳሽ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ጠቆር ያለ ቡኒ ያዢና ከእጥፋቱ በላይ፣ አጥንቱ መውጣት በሚጀምርበት ቦታ አድርጊው። የወጣውን አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ ትመልሺዋለሽ፣ የገባውን ቆብ ወደ ፊት ታመጪዋለሽ። ሁለቱ መሀል መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምንሳሳትባት ነገር አለች። ዓይንሽን ጨፍነሽ አትቀቢ። ስትጨፍኚ ቆቡ ይሰፋል፣ ቆንጆ አድርገሽ ትቀቢዋለሽ፣ ስትከፍቺ ሁሉም ተውጦ ይቀራል። ሰው የሚያይሽ ዓይንሽ ክፍት ሆኖ ነው። መስታወቱን ከፊትሽ በዓይንሽ ቁመት አቁሚው፣ ቀጥ ብለሽ እያየሽ ቡኒውን ሦስት አራት ቦታ ነጥብ ነጥብ አድርጊ። ከዚያ ጨፍነሽ በለስላሳ ብራሽ አዋህጂው። ጠርዙ የት እንደሚያልቅ እንዳይታወቅ አድርገሽ ፍቺው፣ ግን ቅንድብሽ ድረስ አታድርሺው። ወደ አፍንጫሽ በኩልም አታስገቢው። እዚያ ጥቁር ሲገባ ዓይን ይበልጥ ይሰምጣል፣ ሁለቱም ዓይኖች የተጠጋጉ ይመስላሉ። ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮሽ በኩል ሳቢው።

ብሩህ ስልሽ ነጭ ማለቴ አይደለም። ነጭ የሚያብረቀርቅ ሻዶ ጠይም ቆዳ ላይ አመድ የተነፋ ይመስላል። ቀላ ላለች ሴት ሻምፓኝ ወይም የፒች ቀለም፣ ለጠይም ወርቃማ፣ ጠቆር ላለች ደግሞ ደማቅ ወርቅና መዳብ እንዴት እንደሚያምር ልነግርሽ አልችልም። እኔ ጠይም ነኝ፣ አሥር ቀለም ካለው ፓሌቴ ውስጥ ያለቀብኝ ወርቁ ብቻ ነው። ትልልቅ ፍንጣሪ ያለውን ግሊተር ግን ተዪው፤ ጉንጭሽ ላይ ይረግፋል። ሐር የመሰለ ለስላሳ አንጸባራቂ ይበቃሻል። በዓይንሽ የአፍንጫ በኩል ጥግ ላይ ከዚያው ቀለም በጣትሽ ጫፍ ትንሽ ነካ አድርጊ። ትንሽ ነው፣ ግን ፎቶ ላይ ዓይን ይከፍታል።

ከዓይንሽ ሥር ያለው ጥቁረት ሌላ ጣጣ ነው። ዓይን ሲገባ ሥሩም ጥላ ይይዛል። ብዙዎቻችን ነጣ ያለ ኮንሲለር (ጥቁረት መሸፈኛ ቅባት) እንለጥፍበትና ግራጫ ሆኖ ያርፋል። መጀመሪያ ብርቱካናማ የቀለም ማረሚያ በስሱ፣ ከላዩ ቆዳሽን የሚመስል ኮንሲለር በስሱ። ማታ ጥሩ አድርጎ መተኛትም ይረዳል። ዕድሜ ልክሽን እንዲህ ካልነበረና አንዱ ዓይን ብቻ በቅርብ መግባት ከጀመረ ግን የሜካፕ ጉዳይ አይደለም፣ ሐኪም ይየው።

አይላይነር ቀጭን። ከዓይንሽ መሀል ጀምረሽ ወደ ውጭ ብቻ አስምሪ፤ ወፍራም መስመር ያችን ትንሽ ቆብ ይበላታል።

አሁን ወደ ኩል። አትተዪውም፣ ቦታውን ትቀይሪያለሽ እንጂ። እኛ አገር ዓይን ሲወደስ ከብላላው፣ ጎላ ያለው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን እዪ፣ ዓይኑ ፊቱን ሊሞላው ምንም አይቀረው። ኩልም የተወደደው ዓይንን አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ግን የታችኛውን ቆብ የውስጥ ጠርዝ ሙሉ ለሙሉ ጥቁር ስታደርጊ ገባ ያለ ዓይን ይጠብባል። ልኩል ብለሽ እንዳታጠፊው። ጥቁሩን ወደ ላይ ውሰጂው። የላይኛውን ቆብ በጣትሽ በቀስታ ከፍ አድርገሽ በሽፋሽፍትሽ ሥር መሀል መሀል የኩል እርሳሱን ጠቅ ጠቅ አድርጊ። ሽፋሽፍትሽ የበዛ ይመስላል፣ ከቆቡም ምንም አይወስድም። የታችኛው የውስጥ ጠርዝ ላይ የቆዳ ቀለም ያለው እርሳስ ቀቢበት። ከሽፋሽፍቱ ሥር ደግሞ በውጭኛው ሲሶ ላይ ብቻ ትንሽ ቡኒ። ያለ ታች ኩል ራቁቴን የሆንኩ ይመስለኛል ካልሽ ይገባኛል፣ እኔም ለመልመድ ወራት ፈጅቶብኛል።

ኩል ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። የዱሮው የድንጋይ ኩል ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይገኝበታል። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒትና የምግብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለመዋቢያነት ያልፈቀደው በዚህ ነው። እዚያ ያላችሁ እህቶች ከአገር ቤት ስታስልኩ አስቡበት፣ ሕፃን ልጅ ደግሞ በፍጹም አትኳሉ። ሌላው መኳያ መዋዋስ ነው። በሰርግ ጠዋት አንዷ ኩል ስታወጣ ስድስት ሚዜ ይሰለፋል። አንዷ ዓይኗ ታሞ ከሆነ ለመልስ ስድስታችሁም ዓይናችሁ ቀልቶ ትመጣላችሁ። የራስሽን ይዘሽ ሂጂ። ማስካራም እንዲሁ፣ ከተከፈተ ሦስት ወር ካለፈው አዲስ ግዢ። መርካቶም ሆነ ቦሌ ስትገዢ ማሸጊያው ተከፍቶ የተሞከረ እንዳይሆን እዪ።

ቅንድብ ሥር ስለሚታተመው ማስካራ፣ ጥፋቱ የማስካራው ብቻ አይደለም። ሽፋሽፍትሽ አጥንቱ ጋ ይደርሳላ። እኔን የገላገለኝ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ሽፋሽፍትሽን በመጠምዘዣ ከሥሩ ያዢና ጥቂት ሰከንድ አቆዪው። ሁልጊዜ ከማስካራ በፊት፤ ከተቀባሽ በኋላ ከጠመዘዝሽው ይሰበራል። ከዚያ ከቅንድብሽ በታች ያለውን አጥንት በቀለም የለሽ ፓውደር አድርቂው፤ ወዛም ቦታ ላይ ነው የሚታተመው። ብራሹን ጠርገሽ ሥሩ ላይ ወዝወዝ አድርጊ፣ ጫፉን በስሱ እለፊው። እስኪደርቅ ወደ ታች እያየሽ ቆዪ። እኔ በዚያ ሰዓት ስልክ ነው የማየው። ውኃ የማያስለቅቀው ዓይነት ይሻልሻል፤ ሰርግ ላይ መልቀስሽ አይቀርም፣ የእህትሽ ነው።

አርቴፊሻል ሽፋሽፍት እንድታደርጉ ከተስማማችሁ ረጅሙን አትቀበዪ። ገባ ባለ ዓይን ላይ ረጅም ላሽ አጥንቱን እየገፋ ይቆማል፣ ወይም እንደ መጋረጃ ይወርዳል። በአፍንጫ በኩል አጭር፣ ወደ ውጭ ትንሽ የሚረዝም ይሁን። ከዓይንሽ ከሰፋ ከውጭኛው ጫፍ ቁረጪው። ከመለጠፍሽ በፊት ሙጫው ትንሽ ማጣበቅ እስኪጀምር ሳትቸኩዪ ጠብቂ።

ቅንድብሽን ስትቀነደቢ ብዙ እንዳያቀጥኑት ንገሪያቸው። ከሥሩ ጥቂት ማጽዳት ቦታ ይከፍታል፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የሚሠራችሁ ሰው ካለ አስቀድመሽ ንገሪው። «ለሁላችንም አንድ ዓይነት ይሁን» የሚለው የቀለም ጉዳይ ይሁን፣ አቀማመጡ ግን እንደ ዓይናችሁ። በጥር ባለሙያዎቹ ቀኑን ሙሉ ሙሽራ ሲሠሩ ስለሚውሉ ጠዋት በ11 ሰዓት ተኝተሽ እያለሽ ነው የሚቀቡሽ። ያኔ መጨቃጨቅ አይቻልም። ከሳምንት በፊት ራስሽ ሠርተሽ፣ ፎቶ አንስተሽ፣ ፎቶውን አሳዪአቸው።

ፎቶውን የምታነሺው ደግሞ ቤት ውስጥ አይደለም። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ወደ ደጅ ውጪና ፀሐዩ አናትሽ ላይ ሆኖ ሰው በዓይንሽ ቁመት ያንሳሽ። ያ ለእኛ ከባዱ ብርሃን ነው። እዚያ ላይ ዓይንሽ ከታየ አዳራሽ ውስጥም ይታያል። በሰርጉ ቀን ፎቶ አንሺው እኩለ ቀን ላይ ሜዳ ካቆማችሁ ወደ ዛፍ ወይም ወደ ሕንፃ ጥላ እንድትጠጉ ጠይቂው። አገጭሽንም ዝቅ አታድርጊ። እኛ አፍረን አንገት መድፋት እንወዳለን፣ አጥንቱ ደግሞ ጥላውን ይጥላል።

ለመልስ የሐበሻ ቀሚስ ነው የምትለብሱት ብለሻል። ቀሚሱን በአናትሽ የምታጠልቂው ከሆነ ከሜካፑ በፊት ልበሺውና አንገትሽ ላይ ፎጣ ጣል አድርጊ። እኔ ከሜካፑ በኋላ አጥልቄው አንዱ ላሽ ከጥለቱ ጋር ወጣ፣ ነጩ ላይ ደግሞ የፋውንዴሽን መስመር። ቀኑን ሙሉ ነጠላዬን በአንድ በኩል ስጎትት ዋልኩ።