ክሊፕ ለመሥራት ለተነሳችሁ ወጣቶች፦ ካሜራውን ከማንሳታችሁ በፊት ግጥሙን አንብቡ

ውድ ወጣቶች፣

የሂፕ ሆፕ ክሊፕ መሥራት የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። መሣሪያ አይቸግራችሁም፤ በኪስ የሚያዝ ስልክ ዛሬ ንጹሕ ምስል ይቀርጻል። የሚቸግረው ሌላ ነው። ክሊፕ ማለት በ3 ወይም በ4 ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ለማያውቁት መንገር ነው። ካሜራው ከየትኛው ከፍታ እንደሚያይ፣ ራፐሩ ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል፣ ከጀርባው ማን እንደቆመ፣ ሁሉም ስለ እሱ አንድ ነገር ይናገራል። እናንተ ባታስቡበትም ይናገራል። የዘውጉ ልማዶች ደግሞ የተወለዱበት ምክንያት አላቸው። ምክንያቱን ትቶ መልኩን ብቻ የወሰደ ክሊፕ የሰው ልብስ ለብሶ ሠርግ የመጣ እንግዳ ይመስላል።

ሥራው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ግጥሙን በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ትታችሁ አትሙና ስንኞቹን በባር፣ ማለት በባለ 4 ምት የሙዚቃ ክፍል፣ ከፋፍሉ። የቢቱን ፍጥነት ፕሮዲውሰሩን ጠይቁ፤ በግምት አትያዙ። ፍጥነቱ በደቂቃ 90 ምት ሆኖ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የምትቀርጹ ከሆነ አንዱ ምት ልክ 16 ፍሬም ነው። ባለ 4 ምቱ ባር 64 ፍሬም ይሆናል። 16 ባር ያለው ቨርስ 43 ሰከንድ ገደማ፣ 8 ባር ያለው አዝማች 21 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ይህን አስቀድሞ ያሰላ ሰው ለየትኛው ክፍል ስንት ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ ቀረጻ) እንደሚበቃው አውቆ ወደ ቀረጻ ይወጣል። ያላሰላው ግን አዝማቹን በ10 ቦታ ሲቀርጽ ይውልና ለሁለተኛው ቨርስ ምንም እንዳልያዘ የሚያውቀው ኤዲቲንግ ላይ ሲቀመጥ ነው።

ከዚያ በየባሩ አጠገብ ምስሉ ከቃሉ ጋር ምን እንደሚያደርግ ጻፉ። ምርጫው ሦስት ነው፦ ቃሉን ይደግማል፣ ቃሉ ያልተናገረውን ይጨምራል፣ ወይም ቃሉን ይቃወማል። ጀማሪዎች ሁልጊዜ የሚወድቁት መድገም ላይ ነው። ራፐሩ ገንዘብ ሲል ገንዘብ፣ እናቴ ሲል እናት፣ ሌሊት ሲል ጨረቃ ይመጣል። ይህ የሚያሰለችበት ምክንያት አለው። ራፕ በቃል የታጨቀ ሙዚቃ ነው፤ ጆሮ ሥዕሉን ከሠራው በኋላ ዓይን ያንኑ ሥዕል ዘግይቶ ሲያገኘው ተመልካቹ የሚሠራው ነገር ያጣል። መድገም የሚጠቅመው ግጥሙ ታሪክ ሲተርክና ሰውና ቦታ ሲበዙበት ነው፤ እዚያም ቢሆን ሰዎቹን ለይቶ ለማስተዋወቅ ብቻ ይሁን።

መጨመር ምን እንደሚመስል ለማየት በ2015 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን የኬንድሪክ ላማርን «ኦልራይት» ተመልከቱ። አዝማቹ ተስፋ ነው። ምስሉ ግን ጥቁርና ነጭ ነው፤ ራፐሩ በከተማው ላይ ይንሳፈፋል፣ የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ይወጣል። መጨረሻው አካባቢ አንድ ፖሊስ ጣቱን እንደ ሽጉጥ አነጣጥሮ ይተኩስበታል። ራፐሩ ይወድቃል፤ መሬት ላይ ተዘርሮ ፈገግ ይላል። ተስፋው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ምስሉ ጨመረበት። በ2018 ዳይሬክተር ሂሮ ሙራይ ለራፐሩ ቻይልዲሽ ጋምቢኖ የሠራው «ዚስ ኢዝ አሜሪካ» ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ፍሬም ያጋጫል፤ ከፊት ጭፈራ፣ ከኋላ ትርምስ። ዓይናችን ጨፋሪዎቹን ሲከተል ከኋላ ሰዎች ይሯሯጣሉ፣ ነጭ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ያልፋል። ዳግም ስናየው ምን እንዳመለጠን ተረድተን እናፍራለን፤ ክሊፑም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እንዲህ ያለውን ልሞክር የሚል ካለ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ጀርባውን የሚያደበዝዝ ክፍት ሌንስ ሐሳቡን ይገድለዋል። ሰፊ ሌንስ ይዛችሁ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 8 ዝጉ፤ ለዚያ የሚበቃ ብርሃን አዘጋጁ፤ ከኋላ ላሉትም በየስንተኛው ባር ከየት ወዴት እንደሚንቀሳቀሱ ልክ እንደ ፊተኞቹ አለማምዷቸው።

አሁን ወደ ሰውየው እንምጣ። በብዙ ፊልም ተዋናይ ሌንሱን አያይም። ራፐር ግን ያየዋል፤ ግጥሙ «እኔ» እያለ «አንተን» የሚያናግር ነውና። ስለዚህ ዓይኑን ከሌንሱ የሚያነሳበትን ቦታ እናንተ ወስኑለት። ኑዛዜ በሚመስል ስንኝ ላይ ዓይኑን ወደ ጎን ቢጥል ትርጉም ይሰጣል። በየሁለት ሴኮንዱ ዓይኑን ካንከራተተ ግን ቃሉን የረሳ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ረስቶ ነው።

ከታች ወደ ላይ የሚያይ ካሜራ ሰውን ያገዝፋል፤ ራሱን ከፍ አድርጎ ለሚናገር ግጥም የተሠራ አቀማመጥ ነው። ሌንሱን ወገብ አካባቢ አድርጋችሁ ጥቂት ቀና አድርጉት። ከዚያ ከወረደ የሚታየው አገጭና የአፍንጫ ቀዳዳ ነው። ኮፍያ ካለ ጥላው ዓይኑን ይውጠዋል፤ ነጭ ሰሌዳ ጉልበቱ ቁመት ላይ አስተኝታችሁ ብርሃኑን ወደ ፊቱ መልሱ። ጥቁር መነጽር ካደረገ ከመቅረጻችሁ በፊት መስታወቱ ላይ ምን እንደሚታይ አጉልታችሁ ተመልከቱ፤ ካሜራማኑና መብራቱ እዚያ ቆመው ይገኛሉ።

ፊሽ አይ ሌንስን (ምስሉን የሚያጎብጥ እጅግ ሰፊ ሌንስ) ከዚህ ዘውግ ጋር ያቆራኙት የ1990ዎቹ ክሊፖች ናቸው፤ በተለይ የዳይሬክተር ሃይፕ ዊሊያምስ ሥራዎች። እሱ በ1997 ለሚሲ ኤሊዮት በሠራው «ዘ ሬን» ላይ ሚሲ በአየር የተነፋ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሳ እዚያ ጠማማ ሌንስ ፊት ትወዛወዛለች። በዚያ ዘመን ሴት አርቲስት በክሊፕ ላይ ሰውነቷን አጥብቃ እንድታሳይ ይጠበቅባት ነበር። ሚሲ ግን ገላዋን ራሷ ቅርጽ ሰጠችው፤ ማንም ሊለካው በማይችል ቅርጽ። ሌንሱ ደግሞ ያንኑ አጋነነው። ልብሱ፣ ሌንሱና ሴትዮዋ አንድ ሐሳብ ይዘዋል፤ ለዚህ ነው እስካሁን የማያረጀው። እናንተ ስትጠቀሙበት አርቲስቱን ከሌንሱ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር አቅርቡና መሐል ላይ አቁሙት፤ ጠርዝ ላይ ያለ ፊት ይለጠጣል። ወደፊት የተዘረጋ እጅ ከጭንቅላት ይበልጣል፤ የእጅ ምልክቱን አስባችሁ ስጡት። ሌንሱ እስከ 180 ዲግሪ ስለሚያይ የመብራት እግርና የራሳችሁ ጫማ ፍሬም ውስጥ ይገባሉ። ከ4 ወይም ከ5 ሾት በላይ ከደጋገማችሁት ደግሞ ኃይሉ ያልቃል።

ከራፐሩ ጀርባ የሚቆመው ሕዝብም ምክንያት ነበረው። ሂፕ ሆፕ በ1973 በኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ በዲጄ ኩል ኸርክ ድግስ ሲጀምር የሰፈር ሰው ሙዚቃ ነበር። የ1982ቱ የግራንድማስተር ፍላሽና የፊውሪየስ ፋይቭ «ዘ ሜሴጅ» ክሊፕ የኒው ዮርክን ጎዳና ያሳየው ግጥሙ ስለዚያው ጎዳና ስለሚናገር ነው። በ1989 ስፓይክ ሊ ለፐብሊክ ኤነሚ በሠራው «ፋይት ዘ ፓወር» ብሩክሊን ውስጥ ሕዝቡ በሰልፍ ይሄዳል፣ ሰሌዳ ይይዛል። ልብ በሉ፤ ሥራ አለው። የእናንተ ሕዝብ የሚበላሸው ሥራ ስለማትሰጡት ነው። 20 ሰው «ዝም ብላችሁ ተንቀሳቀሱ» ብትሉት ሁሉም ሌንሱን ያያል፣ ግማሹ ስልኩን ያወጣል። በ3 እና በ4 ክፈሏቸው፤ አንዱ ቡድን ይጫወት፣ አንዱ ይከራከር፣ አንዱ ስንኙን አብሮ ይበል። ራፐሩን የሚያዩት ጥቂቶቹ ብቻ ይሁኑ።

መኪናም እንዲሁ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዶክተር ድሬ ክሊፖች ላይ የሚዘሉት ሎውራይደሮች (ዝቅ ተደርገው የተለወጡ መኪኖች) የሎስ አንጀለስ ባህል ናቸው፤ ሜክሲኮ አሜሪካውያን ያሳደጉት። ባለቤቱ ዓመታት ወስዶ በእጁ የለወጠው መኪና ስለ ባለቤቱ ይናገራል። ለአንድ ቀን የተከራያችሁት መኪና ላይ የተደገፈ ልጅ ግን የሚናገረው ሌላ ነው፤ ተመልካችም ያውቃል። አርቲስታችሁ የሚኮራበት፣ እጁ የገባበት ነገር ምንድን ነው? እሱን ቅረጹ።

ጠመንጃን በተመለከተ በግልጽ ልናገር፤ አታስገቡ። ግጥሙ ልብ ወለድ ቢሆንም ምስሉ እንደ ማስረጃ ይነበባል። በአሜሪካም በእንግሊዝም ዐቃቤ ሕጎች የራፕ ግጥምና ክሊፕ ፍርድ ቤት አቅርበዋል። ካሊፎርኒያ በ2022 የፈጠራ ሥራ ማስረጃ ሆኖ ከመቅረቡ በፊት ዳኞች ተጨማሪ መመዘኛ እንዲጠቀሙ የሚያዝ ሕግ ያወጣችው ችግሩ እውነተኛ ስለሆነ ነው። ጭንብል አድርጎ ከጀርባ የቆመ ጓደኛችሁ የክሊፑን ዋጋ የሚከፍለው በዝናችሁ አይደለም፤ በራሱ ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

ሴቶችን ስትቀርጹ ቀላል መለኪያ አለ። የተቀረጸውን ሁሉ ዘርግታችሁ ሴት ያለችበትን እያንዳንዱን ሾት ቁጠሩ፤ ፊቷ በስንቱ ይታያል? አንድ ነገር የምታደርገው በስንቱ ነው? ፊት የሌለው ወገብና እግር ከበዛ ያ ክሊፕ ስለ ሴቶቹ ሳይሆን ስለ ካሜራማኑ ነው የሚናገረው። ክዊን ላቲፋ በ1989 «ሌዲስ ፈርስት» ላይ የታወቁ ጥቁር ሴቶችን ፎቶግራፍ አስቀድማ፣ ራሷ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ካርታ ላይ እንደ ጦር አዛዥ ቆማ ጠጠር ታንቀሳቅሳለች። የዘውጉን የጀግንነት አቋም ወስዳ ለሌላ ጉዳይ አዋለችው። ልማድን መጠቀም ማለት እንዲህ ነው።

ስለ ብርሃን አጠር ላድርግ፤ ግን አትዝለሉት። ጠቆር ያለ ቆዳ ስትቀርጹ የብርሃኑን መጠን በፊቱ ለኩ እንጂ በሸሚዙ አትለኩ። ነጭ ሸሚዝ ካሜራውን ያታልልና ፊቱ ይጠፋል፤ ግራጫ ወይም ክሬም ልብስ ይሻላል። ጠቆር ያለ ቆዳ ቅርጹ የሚወጣው በሚያንጸባርቀው ብርሃን ነው። ስለዚህ ከፊት ለፊት ጠንካራ መብራት ከመደቀን ትልቅና ለስላሳ ብርሃን ከጎን አምጡ፤ ፊቱን ጥቂት ቅባት ቀቡት፤ ዱቄት አታብዙበት። ሁለት የተለያየ ቀለም ያላቸው አርቲስቶች አብረው ከቆሙ ጠቆር ያለውን ወደ መብራቱ አቅርቡ። የመንገድና የሱቅ መብራት እንዳያርገበግብ ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ፣ 60 ኸርዝ በሆነበት 1/60 ወይም 1/120 አድርጉ።

ሊፕ ሲንክ፣ ማለት ከንፈርን ከተቀዳው ዘፈን ጋር ማግጠም፣ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይወድቃል። አርቲስቱ ከንፈሩን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ አትፍቀዱለት፤ ድምፁን አውጥቶ ይበለው። ድምፅ ሳይወጣ የአንገት ጅማት አይወጠርም፣ ደረት አይነሳም፤ ተመልካች ምክንያቱን ባያውቅም ውሸቱን ያያል። ለእያንዳንዱ ቀረጻ ከሙዚቃው በፊት የ4 ምት ቆጠራ አስገቡ። መግጠሙን የምታረጋግጡት ከንፈር በሚያገናኙት በ፣ መ እና ፐ ላይ ነው። አንድ ፍሬም ወደ 42 ሚሊሰከንድ ነው፤ አንዱ ያልፋል፣ ሦስቱ ግን ያስታውቃሉ።

ስሎ ሞሽን ሆኖ ከንፈሩ ከግጥሙ እንዲገጥም ከፈለጋችሁ ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት አጫውታችሁ በሰከንድ 48 ፍሬም ቅረጹ፤ ወደ 24 ሲመለስ ገላው ይዘገያል፣ ቃሉ ግን በቦታው ይሆናል። የተለመደው ስህተት ካሜራውን 50 ላይ ማድረግ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ይመስላል፤ በ90 ምት ቢት ላይ ግን ባለ 16 ባሩ ቨርስ ሲያልቅ አፉ 1.8 ሰከንድ ገደማ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሌላው ችግር በእጥፍ ፍጥነት 90 የነበረው 180 መሆኑ ነው። ፈጣን ቨርስ ያለው ራፐር አይደርስበትም፤ ለአዝማቹ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ወይም 30 ፍሬም ላይ ዘፈኑን በ125 ከመቶ አጫውቱ። ያን ያህል አይዘገይም፤ እርምጃው ግን ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም እሱ ይበልጣል።

ኤዲቲንግ ላይ ስኔሩ (ቢቱ ውስጥ ጠንከር ብሎ የሚመታው ከበሮ) በመታ ቁጥር አትቁረጡ። በ90 ምት ስኔሩ በየ32 ፍሬሙ ይመጣል፤ ሁሌ እዚያ ከቆረጣችሁ ከ20 ሰከንድ በኋላ ዓይን አስቀድሞ ያውቀዋል። ራፐሩ ትንፋሽ በሚወስድበት ቁረጡ፤ ስንኙ የሚመታበትን ቃል ደግሞ ሳትቆርጡ ፊቱ ላይ ቆዩ። የቀልዱን ወይም የቁጭቱን ቃል ሌላ ሾት ላይ መጣል ቅኔውን ያለ ወርቅ መተው ነው። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ ድምፁን አጥፍታችሁ ዘፈኑን ለማያውቅ ሰው አሳዩትና ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልሰው ወረቀቱ ላይ ከጻፋችሁት ጋር ካልተገናኘ ችግሩ ከሾት ምርጫችሁ ነው፤ ወደ ያልተጠቀማችሁባቸው ቀረጻዎች ተመለሱ።

ጣቢያ የማያስተላልፋቸው ቃላት ካሉ ንጹሑን፣ ማለት ቃላቱ የታፈኑበትን፣ ድምፅ ከመጀመሪያው ከፕሮዲውሰሩ ተቀበሉ። ድምፁ ሲታፈን አፉ ቃሉን ሲል ከታየ መደበቁ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ለእነዚያ ስንኞች እጅ፣ ጀርባ፣ የሰሚዎች ፊት አስቀድማችሁ ቅረጹ። ሁለቱ ድምፆች ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው እኩል መርዘማቸውን አረጋግጡ፤ ንጹሑ በግማሽ ባር ካጠረ ክሊፑን እንደገና ከዜሮ መቁረጣችሁ ነው።