የአበባ ሱቄን ልዝጋው ወይስ ልታገስ ላልሽው

እህቴ፣ 22 አካባቢ ያለው ሱቅሽ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ጭር ማለቱን፣ አከራይሽም ከፋሲካ በኋላ ኪራይ እንደሚጨምር መናገሩን ጽፈሻል። «ልዝጋው ወይስ ልታገስ?» ነው ያልሽው። እኔ ሳር ቤት አካባቢ ለዓመታት አበባ ሸጫለሁ። አሁን ሱቅ የለኝም፣ አበባውን ግን አልተውኩትም።

በሁዳዴ ስለ አበባ ሱቅ አይወሰንም። 55 ቀን ሙሉ የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም። በነቢያት ጾምም እንደዚያው ነው። የኛ ገበያ ጥር ነው፤ ከዚያ ከዳግማይ ትንሣኤ ወዲህ ያለው ጊዜ፣ ቀጥሎ የሰኔና የሐምሌ ምርቃት። የመጋቢትን ሽያጭ ከአምናው መጋቢት ጋር እንጂ ከጥር ጋር አታስተያዪው።

መዝግበሻል? ካልመዘገብሽ ዛሬ ማታ ጀምሪ። ስንት ፍሬ ገዛሽ፣ ስንት ሸጥሽ፣ ስንት ጣልሽ። ሦስተኛውን አደራ። ማክሰኞ የገባው ጽጌረዳ ቅዳሜ አንገቱን ደፍቶ ባልዲው ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ውጪያዊውን ቅጠል ላጥ ላጥ አድርገሽ ልትሸጪው ትሞክሪያለሽ፤ ሰኞ ቆሻሻ ውስጥ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ቁመቱ አጠረ፣ አናቱ አነሰ ተብሎ ከኤክስፖርት የቀረ ነው፤ ዕድሜውም ያንኑ ያህል ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚሸጥ እርሻ ለኛ በርካሽ የሚሰጥበት ምክንያት የለውም። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ካደረ የሚጣለው በእጥፍ ነው። ብዙ ሰው ኪራይ ገደለኝ ይላል፤ ደብተሩ ሲታይ ግን ባልዲው ነው የገደለው።

ቀጥሎ ገቢሽን ለሁለት ክፈይው፤ ከመንገድ ገብቶ የገዛውንና በስልክ ያዘዘውን። ትዕዛዙ እየመገበሽ ከመንገድ የሚገባው ኪራዩን የማይሸፍን ከሆነ፣ እኔ ብሆን ቤቱን እለቃለሁ። ሙሽራ ስልክሽን ይዛ ትመጣለች፤ ሱቅሽ የት እንዳለ ግድ የላትም። በቀብድ ሥሪ፣ አበባውን በትዕዛዙ ልክ ግዢ፣ የሚጣለው ያን ጊዜ ይቀንሳል። ሱቅሽ ሆስፒታል ወይም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ታማሚ ሊጠይቅ የሚሄድ፣ ለቀብር ጉንጉን የሚፈልግ ሰው ቴሌግራም ላይ አይዞርም፤ ዓይኑ ያየው ሱቅ ይገባል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ከለቀቅሽ መልሰሽ አታገኚውም፤ ከአከራይሽ ጋር ተደራደሪ፣ ግማሹን ለሌላ ሰው አከራዪ፣ ብቻ ያዢው።

በዱቤ የሚወስድ ሆቴል ካለሽ ያልገባ ገንዘብ ገቢ አይባልም። ፕላስቲክ አበባ ሠርጉን ወሰደው የሚባለውንም ግማሹን ብቻ እመኚ፤ መድረኩ ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል፣ ሙሽራዋ እጅ ላይ ግን እምብዛም አይታይም።

ልዝጋ ካልሽ በሩን ቆልፈሽ አትጥፊ። ፈቃዱን መልሺ፣ ከግብር ቢሮ ክሊራንስ ውሰጂ፤ አለበለዚያ እየሠራሽ እንደሆነ ተቆጥሮ ግብሩ ይከተልሻል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያልቅ ከዚያ በፊት ብትጨርሺው ይሻላል። ፍሪጁን ግን አሁን አትሽጪው፤ በሁዳዴ የአበባ ፍሪጅ በዋጋው የሚገዛሽ የለም።