ናላችሁ በዞረ ቀን ሰዓት አትያዙ

ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ከምናምን አዲስ አበባ ውስጥ ሯጭ ሳሠለጥን ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስላሸነፍነው ውድድር ሌላ ቀን አጫውታችኋለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ሐሙስ ምሽት ነው፤ ያጠፋሁት ጥፋት እስካሁን ይቆጨኛል።

ልጁ ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ይሠራል፣ ማታ እኔ ጋ ይሮጣል። የወር መጨረሻ ነበርና ሒሳብ ይዘጋሉ። ከጠዋት ጀምሮ አልገጥም ያለች የ28 ብር ልዩነት ሲፈልግ ውሎ፣ ሳያገኛት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳ ደረሰ። የዕለቱ ሥራ 1,000 ሜትር አምስት ጊዜ ነው፣ በየመሐሉ ሁለት ደቂቃ እረፍት። ከሳምንት በፊት ይህንኑ በ3 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ እየገባ ጨርሶታል። ያን ምሽት ግን ሁለተኛውን በ3፡12፣ ሦስተኛውን በ3፡19 ገባ። አራተኛው ላይ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ወጥቶ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

ሄጄ አንገቱ ላይ ጣቴን አድርጌ 15 ሰከንድ ቆጠርኩ። ባለፈው ሳምንት 46 የመታው ልብ አሁን 43 ላይ ነው። እግሩን ጨበጥ ጨበጥ አደረግሁት፤ አልደነደነም። ፊቱ ግን ለሊቱን ሙሉ ለቅሶ ቤት ያደረ ሰው ፊት ነው። “ምን ሆንክ?” አልኩት። “ጋሼ፣ እግሬ ደህና ነው። ናላዬ ነው የዞረው” አለኝ። እኔ ግን ያመንኩት ቁጥሩን ነው። ልቡ ገና አቅም አለው፣ እንግዲህ ሰነፈ ማለት ነው ብዬ በእሁዱ ውድድር ከቡድን አስቀረሁት። በዓመቱ ሩጫውን ተወው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ልጁ ልክ እንደነበረ የገባኝ። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳሙኤሌ ማርኮራ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ዌልስ በሚገኘው ባንጎር ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሙከራ አለ። 16 ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን 90 ደቂቃ ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተከታትለው የሚመጡ ፊደላትን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይከታተላሉ፤ ሌላ ቀን ለዚያው ያህል ጊዜ ስለ ባቡርና ስለ መኪና የተሠራ ፊልም ተቀምጠው ያያሉ። ከዚያ በሁለቱም ቀን በቆመ ብስክሌት ላይ አንድ ዓይነት ከባድ ጫና ተሰጥቷቸው እስኪያቅታቸው ይነዳሉ። ፊልም ያዩ ዕለት በአማካይ 12 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ ቆዩ። ጭንቅላታቸው የደከመ ዕለት 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።

ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አልቀረው! ልባቸው፣ ትንፋሻቸው፣ ደማቸው ሲለካ ለዚህ ምክንያት የሚሆን ነገር አልተገኘም። የተለየው አንድ ነው፤ ገና ከመነሻው ጀምሮ “ምን ያህል ከበደህ?” ሲባሉ ከፍ ያለ ቁጥር ይጠሩ ነበር። ስለዚህ “በቃኝ” የሚሉበት ቦታ ቀድሞ ደረሰ፣ ልባቸውም የመጨረሻው ጣሪያ ሳይደርስ ቆሙ። ይህን ሳነብ የቆጠርኳት 43 ትዝ አለችኝ። ያ ቁጥር የስንፍና ምልክት መስሎኝ ነበር።

ለነገሩ ወሬው አዲስ አይደለም። አንጄሎ ሞሶ የሚባል ጣልያናዊ፣ የቱሪን ሰው፣ በ1891 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ተማሪ ሲፈትን የዋለ መምህር በጣቱ ክብደት የማንሳት ጉልበቱ እንደሚቀንስ ጽፏል። ፈተና የሚያደክመው ተፈታኙን ብቻ ይመስለን ነበር።

ሯጭ ለሆናችሁት ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበው በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት ነው። “ቀይ” የሚለው ቃል በአረንጓዴ ቀለም ተጽፎ ይቀርብላችኋል፤ የምትናገሩት ቃሉን ሳይሆን ቀለሙን ነው። አንዴ ሞክሩት፣ ያስቃል። 30 ደቂቃ ሲሆን ግን አያስቅም። ከዚያ በኋላ 5 ኪሎ ሜትር የሮጡት ሰዎች በዚህ ካልደከሙበት ቀናቸው ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘገዩ።

ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ አእምሮ ብዙ ሲሠራ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ይጠራቀማል፣ ያም ጥረትን ያከብዳል የሚል ግምት አላቸው። ቡና የሚያነቃን የዚህኑ ንጥረ ነገር በር ስለሚዘጋ ነው። እናቶቻችን ጀበና ሲጥዱ ይህን ማንም አልነገራቸውም። ግን ለምሽት ልምምድ ብላችሁ 11 ሰዓት ላይ ሦስት ሲኒ ብትጠጡ የሌሊቱን እንቅልፍ ትከፍላላችሁ፤ እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ደግሞ ነገም የዞረ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህን እንደ ሰበብ እንደምትይዙት አውቃለሁ፣ እኔም ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ ሌላውንም ልንገራችሁ። ሙከራውን የደገሙ ሁሉ ያንኑ ያህል ልዩነት አላገኙም፤ ምንም ያላገኙም አሉ። አጭር ፍንዳታ የሆነ ሥራ፣ የ60 ሜትር ሩጫ ወይም ብረት አንድ ሁለቴ ማንሳት፣ እምብዛም አይነካም። የሚጎዳው ረጅሙ፣ “ልቀጥል ወይስ ልተው” እያሉ ከራስ ጋር የሚሟገቱበት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ በተሠራ ሙከራ ደግሞ ፕሮፌሽናል ብስክሌተኞች በዚያው የቀለም ጨዋታ ከደከሙ በኋላም ፍጥነታቸው አልቀነሰም፤ ለመዝናናት የሚነዱት ግን ቀነሱ። ሲወለዱ ጀምሮ ነው ወይስ ዓመታት የፈጀ ልምምድ የሰጣቸው የሚለው ያከራክራል። እኔ ልምምድ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ፤ እንጦጦ ላይ በብርድ ስንቱን ሲለወጥ አይቻለሁ።

ታዲያ ምን አድርጉ ነው የምላችሁ? የሳምንቱን ከባድ ሥራ ጭንቅላታችሁ ገና ባልተነካበት ሰዓት አድርጉት፤ ለተማሪና ለሠራተኛ ይህ ማለት ንጋት ነው። ፈተና፣ ሒሳብ መዝጊያ ወይም የፍርድ ቤት ቀጠሮ ባለበት ቀን ቀለል ያለ ሩጫ ሩጡ፣ ወይ ጂም ግቡ፣ ግን ሰዓት አትያዙ። በዚያ ቀን የሚመጣ ቁጥር ስለ ኮንዲሽናችሁ የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ ሞራላችሁን ገድሎ ይሄዳል እንጂ። ስልኩንም ከውድድር በፊት አርቁት። “አረፍኩ” ብሎ አልጋ ላይ ተጋድሞ ሁለት ሰዓት ቲክቶክ ያገላበጠ ልጅ እግሩን ብቻ ነው ያሳረፈው።

እኔ ከዚያ ወዲህ ያደረግሁት አንድ ነገር ነው። የልምምድ ደብተሬ ላይ ከኪሎ ሜትሩና ከሰዓቱ ጎን አንድ መስመር ጨመርኩ፣ “ቀኑ እንዴት ዋለ” የሚል። ሲመጡ ራሳቸው ይጽፉታል። መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር፤ “ደህና”፣ “ደህና”፣ “ደህና”። ቀስ በቀስ ግን እውነቱ ይወጣ ጀመር፤ “የቤት ኪራይ ጨመሩብኝ”፣ “ወንድሜ ሆስፒታል ነው”።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ “ቪዛ። ኤምባሲ በር ላይ 5 ሰዓት ቆሜ፣ ተመለሽ አሉኝ” ብላ ጻፈች። በማግስቱ ጠዋት ሰንዳፋ 25 ኪሎ ሜትር በፔስ፣ ማለትም በተወሰነ ፍጥነት፣ ልንሮጥ ነበር። የእሷን ወደ ቅዳሜ ገፋሁትና “ዛሬ ጫካ ለጫካ፣ ብቻሽን፣ በፈለግሽው እርምጃ” አልኳት። የእጅ ሰዓቷን አስወልቄ ኪሴ ከተትኩት። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ይሁን ከሃምሳ፣ እያንጎራጎረች መጣች። ሰዓቷን ሳትጠይቀኝ ታክሲ ተሳፍራ ሄደች፤ እኔም ያገኘሁት ማታ ኮቴን ሳወልቅ ነው።