ቤቱን ሸጠን ስቴንት እናስገባላቸው?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደሴ ነው። አባታችን 63 ዓመታቸው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ቀኝ እጃቸው ዛለ፣ አፋቸው ተጣመመ፤ በሁለት ቀን ተሻላቸው። አዲስ አበባ ስናስመረምራቸው አንጎላቸው ውስጥ አንድ ደም ሥር 80 ከመቶ ጠቧል ተባልን። ውጭ አገር ያለው አጎቴ «ቶሎ ስቴንት ይግባላቸው» ይላል። ሐይቅ ያለችውን ቤት ልንሸጥ ነው። ምን ትላለህ?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ቤቱን አትሽጡ። አሁን አትሽጡ።

አጎትሽ ጨንቆት ነው፣ አይፈረድበትም። ስቴንት የጠበበ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ ነው። የጠበበ ቧንቧ ከተከፈተ በቃ፣ አለቀ ይመስላል። የአንጎል ደም ሥር ግን ቀጭን ነው፤ ከጎኑ የሚወጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቅርንጫፎች አሉት፣ ስቴንቱ ሲዘረጋ እነሱ ሊደፈኑ፣ ደም ሥሩም ሊቀደድ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከ70 እስከ 99 ከመቶ የጠበበባቸው 451 ሕሙማን በሁለት ተከፍለው ታዩ፣ ውጤቱም በ2011 እ.ኤ.አ. ወጣ። መድኃኒቱን ሁለቱም ወገን ይወስድ ነበር። በ30 ቀን ውስጥ ስቴንት ከተጨመረላቸው 14.7 ከመቶው ስትሮክ ደገማቸው ወይም ሞቱ፤ መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 5.8 ከመቶ።

መድኃኒቱ ተራ ነገር ነው፦ ደም እንዳይረጋ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል አብረው ለ90 ቀን፣ ከዚያ አስፕሪን ብቻ፣ ከነሱ ጋር ጠንከር ያለ ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንስ ኪኒን)። የላይኛው የደም ግፊት ከ140 በታች፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ከ70 በታች ይውረድ። ሁለቱን ኪኒን ያለ ሐኪም አታራዝሙ፣ ያደማል። «ተሻለኝ» ብሎ መተውም አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው።

ወሎዬ ነኝና ሌላም ልበል። ቡናችን ጨው ይወዳል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ሦስቱንም በጨው የሚጠጡ ከሆነ ግፊቱ እንዴት ይወርዳል? ጫቱም ግፊት ያስነሳል። ዱአው ይቅር አላልኩም፣ ጫቱ ይቅር።

መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ስትሮክ ከደገማቸው ያኔ ስለ ስቴንት ይወራ። የጠበበው የአንገት ደም ሥር ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለይ ነበር፤ ስለዚህ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙን ደግመሽ ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን አታምታቱ። ስትሮክ በያዘ ሰዓት የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ጎትቶ ማውጣት ሌላ ሕክምና ነው፣ በደንብ ይሠራል፤ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ለአንዳንዱ እስከ 24 ሰዓት። አፋቸው እንደገና ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረባቸው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበሩበትን ሰዓት ያዙና ወዲያው ሐኪም ቤት። እስኪነጋ አትጠብቁ። ደም ፈሶም ሊሆን ስለሚችል ሲቲ ስካን ሳይነሱ ተጨማሪ አስፕሪን እንዳትሰጧቸው።